ቦዩን ሊደፍኑ የመጡ ዕለት

ሁለት ወገኖች ሲጣሉ መሃል ቆማችሁ፣ ሁለቱም እውነት እንዳላቸው እያወቃችሁ፣ አንዲት ቃል መናገር አቅቷችሁ ያውቃል? እኔን አምና በየካቲት ገጥሞኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ዶማ ድንጋይ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ትከሻዬ ሽምቅቅ ይላል።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው። የሳይንስ መምህር ነኝ። የተመደብሁበት የገጠር ትምህርት ቤት ከአዲ አርቃይ ወረድ ብሎ ይገኛል። አገሩ ድንጋያማና ሞቃት ነው። ክረምቱ አጭር ነው፤ ሲዘንብም ውሃው አፈሩን ጠራርጎ ቁልቁል ይሮጣል።

ጠቡ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ተራራውን ላስረዳ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ አንድ ተራራ አለ። ትከሻው ላይ የላይኛው ጎጥ፣ ግርጌው ላይ የታችኛው ጎጥ ሰዎች ይኖራሉ። ከዓመታት በፊት ሁለቱ ጎጦች ተስማምተው ተራራውን ከከብት ከለሉት። የድንጋይ እርከን ሠሩ፤ በየእርከኑ ራስ ላይ አግድም ቦይ ቆፈሩ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ቦዩ ውስጥ ይቆማል፣ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ በመሬት ውስጥ ተጉዞ ግርጌ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ደርቆ የነበረው የታችኛው ጎጥ ጉድጓድ ውሃው ተመለሰ። በእውነት ሸጋ ሥራ ነበር።

ነገር ግን የተከለለው ተራራ የላይኛው ጎጥ ግጦሽ ነበር። ውሃው የወጣው ደግሞ ታች ነው። ታችኞቹ ጉድጓዱን ቆፍረን በድንጋይ የገነባነው እኛ ነን፣ በበጋ ከእኛ ከብት በቀር አይጠጣበትም ብለው ደንብ አወጡ። ዙሪያውንም በእሾህ አጠሩት። በዚያ የካቲት የላይኛው ጎጥ ምንጭ ነጠፈ። ታከለ የሚባል የላይኛው ጎጥ ጎልማሳ ሁለት የእርሻ በሬዎቹን ነድቶ ቢወርድ ከአጥሩ በር መለሱት። አንደኛው በሬ ዳገቱን ሲመለስ ወድቆ እዚያው ሞተ።

በማግስቱ ጠዋት የታችኛው ጎጥ ሰዎች በደለል የሞላውን ቦይ ሊጠርጉ ወጡ። እኔም የቦዩን ወለል በውሃ ልክ ለማስተካከል አብሬ ወጣሁ፤ ወለሉ ካዘነበለ ውሃው ወደ አንድ ጫፍ ይከማችና ቦዩን ይሰብረዋል። የውሃ ልኩ የተንጠለጠለበትን ክር አንድ ጫፍ እኔ ያዝሁ። ሌላውን የያዙት የጉድጓዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ ዘለቀ ናቸው። ደንቡን ያወጡት ሰው እሳቸው ነበሩ። ጨዋታ ስለሚወዱ፣ የከተማ ልጅ ክር ከመያዝ ሌላ ምን ይችላል እያሉ ሲቀልዱብኝ አረፈዱ።

ከዚያ ከላይ ሰዎች ሲወርዱ አየን። ዶማና አካፋ ይዘዋል። ሊያግዙን የመጡ መስሎን አንዳንዶቻችን ሰላምታ ሰጠናቸው። አልመለሱም። ቀጥታ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመው የተጠረገውን አፈር መልሰው ይገፉበት ጀመር። ከእኛ በኩል አንዲት ሴት፣ ምነው ምን አደረግናችሁ ብላ ጠየቀች።

«ስትጠጡት የከረማችሁት ላባችንን ነው» አለቻት የላይኛው ጎጥ ሴት። «ላባችንን ልንወስድ መጣን።»

የመጀመሪያውን ድንጋይ ማን እንደወረወረ አላየሁም። አንድ ሰው አፉን በአካፋ ተመትቶ ጥርሱን ከደም ጋር ሲተፋ ግን አየሁ። ሁለት ሴቶች ጸጉር ለጸጉር ተያይዘው እሾህ ላይ ተንከባለሉ። ለአንድ ሠርግ አብረው የሚጠሩ ሰዎች በሥራ መሣሪያቸው ይፈላለጡ ነበር። እኔ ክሩን እንደያዝሁ ቆሜያለሁ።

አያ ዘለቀ ቦዩ ውስጥ ዘለው ገቡና እጃቸውን ዘርግተው፣ አፈሩን በዶማ ይገፋ በነበረው በታከለ ፊት ቆሙ። እኔንም ጨምረህ ድፈነው አሉት። ታከለ በዶማው ጀርባ መታቸው። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር። ሮጬ ደረስሁ። ከግንባራቸው እስከ ግራ ዓይናቸው ተተርትሯል። ሸሚዜን አውልቄ ቁስሉን ያዝሁት፤ ደሙ በጣቶቼ መሃል ሞቆ ወጣ።

ልጃቸው ሙላት አባቱ ሲወድቁ አይቶ ቁልቁል ወደ ቤቱ ሮጠ። ጠመንጃ ይዞ ሲመለስ ሰው ሁሉ ተበተነ። ታከለ ግን ዶማውን ጥሎ፣ የሠራውን እያየ ደንዝዞ ቆሟል። ሙላት አቀባብሎ ተኮሰ። ጥይቱ ከታከለ አጠገብ ያለውን ድንጋይ ፈረከሰው፤ ስብርባሪው ጉንጩን ቀደደው። ያን ጊዜ ታከለ ዘሎ ቦዩ ውስጥ ገባና የአያ ዘለቀን ሁለት እግር አቅፎ ተደፋ።

ለማያውቅ ልንገር። በዚያ አገር እግር ላይ የወደቀን ሰው መምታት ትልቅ ነውር ነው፤ ደመኛ ቢሆንም እንኳ። ምሕረት የሚሰጠውም የሚነሳውም የእግሩ ባለቤት ነው። ታከለ ደግሞ የወደቀው ገና አሁን ራሱ ባደማቸው ሰው እግር ላይ ነው።

«ከአባቴ እግር ተነሳ» አለ ሙላት። «ተነሳና እንደ ወንድ ቁም።» የአፈሙዙ ጫፍ ከታከለ ጀርባ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

ሁላችንም አያ ዘለቀን አየን። ፊታቸው ላይ ርኅራኄ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ቁጣ ነበር። እግራቸውን ሊያስለቅቁ አንዴ ሳብ አደረጉት። ታከለ አልለቀቀም። ከዚያ በደም የራሰ ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጀርባው ላይ ጣሉበት።

«በሕግ አምላክ ብዬሃለሁ፣ ሙላት» አሉ። «ይህን ሰው ብትነካ እኔን ነክተሃል።»

ሙላት ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ ወረወረና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወደ መኪና መንገድ የሚወስደው ዳገት የላይኛውን ጎጥ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ቃሬዛ ታሰረ። ታከለ ሳይጠየቅ ከፊት ገባ፤ ሙላት ከኋላ ያዘ። ሲደክማቸው የላይኛው ጎጥ ሰዎች ከየቤታቸው እየወጡ ይቀበሏቸዋል። ድንጋይ ላይ ስንደናቀፍ አያ ዘለቀ፣ «ቀስ በል አንተ ታከለ፤ የቀረችውን ራሴን መንገድ ላይ ልትጨርሳት ነው?» አሉ። እኔ እያለቀስሁ ሳቅሁ። ሙላት አልሳቀም።

አያ ዘለቀ ጎንደር ታክመው ዳኑ፤ ግራ ዓይናቸው ግን ጠፋ። ታከለ በፍርድ ቤት ተቀጣ። ጉድጓዱ ዛሬ ለሁለቱም ጎጥ ከብት በተራ ይከፈታል፤ ደንቡን የቀየሩት አያ ዘለቀ ናቸው። የተደፈነውንም ቦይ ሁለቱ ጎጦች አብረው ጠረጉት። ሙላት ግን እስካሁን የታከለን ቤት ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ አሁንም እፈራለሁ። ሰማዩ ጠቆር ሲል ደግሞ ውሃው ለሁለቱም ጎጥ ይበቃል ብዬ ከማንም በፊት ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ።

እናንተም አንድ ነገር ሞክሩልኝ። የምትጠጡት ውሃ በማን መሬት ላይ እየሰረገ እንደሚመጣላችሁ አጣሩ። ከዚያ በአንድ የበጋ ጠዋት ሽቅብ ውጡና እነዚያን ሰዎች ከብቶቻቸው የት እንደሚጠጡ ጠይቋቸው።