የታታ ኦቡሌሱ የኒም ቅርጫት

ታታ ኦቡሌሱ እፍኝ አፈር ለመስጠት አንድ ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። ታታ የምንላቸው እንደ አያት ስለምናከብራቸው ነው። እርሻቸው መሃል ወዳለችው ቤታቸው የሄደ ሰው መጀመሪያ ገመድ አልጋው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አሬራ ይቀዳለታል። ከዚያ ልጃቸው ከባንጋሎር እሑድ እሑድ እንደሚደውል ይነገረዋል፤ ባለፈው ሳምንት የነገሩትም ቢሆን ይደገምለታል። በመጨረሻ ወደ ሮቃው ዛፍ ይወስዱትና፣ እዚያ ጋ ጉንዳን አለ፣ እዚህ ጋ ይሻላል፣ ቆይ ቅጠሉን ላንሳልህ እያሉ ያጎነብሳሉ። እኔ ቼናማ፣ ያለ መርዝ የሚያርሰው የገበሬዎች ክበባችን ጸሐፊ ነኝ። ትዕግሥት ስላልፈጠረብኝ አሬራውን የምጠጣው ቆሜ ነበር።

አፈሩ የሚፈለገው ለማዳበሪያ ለምንጠነስሰው ጥንስስ ነው። ጂቫምሩታም እንለዋለን። የአገር ላም እበትና ሽንት፣ ጥቁር ስኳርና የሽምብራ ዱቄት በርሜል ውስጥ ይበጠበጥና መርዝ ነክቶት ከማያውቅ የማሳ ወሰን የተዘገነ እፍኝ አፈር ይጨመርበታል። ያ አፈር ከሌለ ጥንስሱ ነፍስ አይዘራም። ክበቡ ሲቋቋም መንደሩን ብናስስ እንዲህ ያለ አፈር ያገኘነው ታታ ኦቡሌሱ ጋ ብቻ ነው። ሌሎቻችን ሃያ ዓመት ሙሉ ኦቾሎኒያችን ላይ መርዝ ስንረጭ ኖረናል። እሳቸውና ሚስታቸው ሱንካላማ ግን የኒም ፍሬ ይወቅጣሉ፤ በጨርቅ ቋጥረው ይነክራሉ፤ ከዚያ አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ይዘው ጨርቁን እየጠመዘዙ ይጨምቃሉ፤ አባጨጓሬን የሚያባርሩት በዚያ መራራ ውሃ ነበር። እኛ ድህነት ነው ብለን ስቀንባቸዋል። በኋላ አስተማሪዎቻችን ሆኑ፤ ሰው ሲስቅ ከርሞ ተማሪ ሲሆን እንዴት እንደሚያፍር እኔን ጠይቁኝ።

ክበባችን አንድ ደንብ አለው። በእኛ አገር ከመደብር በጠርሙስ የሚመጣውን የተባይ መርዝ ሰው ሁሉ «መድኃኒት» ነው የሚለው፤ ሐኪም የሚሰጠውንም መድኃኒት፣ ያንንም መድኃኒት። ሊቀመንበራችን ሬዳፓ፣ ራሳችንን ያታለልነው በዚህች ቃል ነው አለና፣ ስብሰባ ላይ መርዙን መድኃኒት ብሎ የጠራ አንድ ቅርጫት የኒም ፍሬ ለቅሞ እንዲያመጣ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባችን የሚደምቀው ሰው ሲሳሳት ነው። ማዲሌቲ የሚባለው፣ ቧልት ካልተናገረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ «ቅርጫት!» ብሎ ይጮሃል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። የክበቡ የኒም ጎተራ የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው፤ ከጎተራው ግማሹ የማዲሌቲ የራሱ ቅጣት ነው።

ሱንካላማ የዛሬ ሦስት ዓመት በበጋው ሞተች። ሐዘኑ እስኪወጣ ሰው አልተለያቸውም፤ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። በየአሥራ አምስት ቀኑ አፈር ሊወስድ ከሚመጣው ሰው በቀር የታታን ግቢ የሚረግጥ ጠፋ። የዳጉሳ ገንፏቸውን ጠዋት አንድ ጊዜ ሠርተው ማታም ያንኑ ቀዝቃዛውን ይበላሉ። ገመድ አልጋው ግን ሁልጊዜ ተዘርግቶ፣ አሬራው ሁልጊዜ ተንጦ ይጠብቀን ነበር። ያቺ እፍኝ አፈር ባትኖር ኖሮ ሰውዬው ድምፃቸው ራሱ ይጠፋባቸው እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ የገባኝ መንገዱ ሩቅ መሆኑ ብቻ ነበር።

በየዓመቱ ከመከር በፊት እርስ በርሳችን እንፈታተሻለን። አምስት ሰው ሆነን ማሳ ለማሳ እንዞራለን፤ ባለቤቱን ከመደብር የመጣ ነገር መሬትህ ላይ ገብቷል ወይ ብለን እንጠይቃለን፤ መልሱን እጽፋለሁ። ታታ ኦቡሌሱን ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። «ንጹሕ» ብዬ የምጽፈው ገና ከቤቴ ሳልወጣ ነበር።

ባለፈው ዓመት ፍተሻ ሬዳፓ ሰሌዳ አስጻፈ። ነጭ ሰሌዳ፣ አረንጓዴ ጽሑፍ፦ «መርዝ ነክቶት የማያውቅ አፈር»። ከወረዳው እንግዶች ሊመጡ ስለሆነ ሮቃው ሥር ሊተከል ነው። ማዲሌቲ ጉድጓድ መቆፈሪያውን ተሸክሞ ሄድን። ታታ አሬራ ቀዱልን። ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም፤ ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው። ደግሜ እንዳነብላቸው ለመኑኝ። ደገምኩት።

«አትትከሉት» አሉ። «እዚህ መድኃኒት ገብቷል።»

«ቅርጫት!» አለ ማዲሌቲ። «ታታ፣ እርስዎም ተያዙ! አንድ ቅርጫት ኒም አለብዎት!»

ሳቅን። እኔማ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ሳቅሁ። ለካ ሰውዬው ነፍሳቸውን አውጥተው እጃችን ላይ ሊያስቀምጡልን ነበር፤ እኛ ለቃሏ እናጨበጭባለን። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። በዚያው ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ ዛሬም ድረስ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ሰሌዳው ይተከላል፣ አፈሩ ይዘገናል፣ ሰው ይመጣል። አብረውን ቢስቁ በቂ ነበር።

«ቅርጫቱን አመጣለሁ» አሉ። «ግን ቃሉን ላስተካክል። መርዝ ነው። ሱንካላማ በሞተችበት ዓመት፣ በክረምቱ፣ እኔው ረጨሁት፤ ከዚህ ዛፍ እስከ ውሃው ጉድጓድ። በየስብሰባው ንጹሕ ነው እያላችሁ ስታጨበጭቡልኝ መናገር አቃተኝ።»

ሬዳፓ መቆፈሪያውን ከማዲሌቲ እጅ ወስዶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ቁጣ አልነበረበትም።

«ጨርቁን የሚይዝልኝ አጣሁ» አሉ። «ኒም ለብቻ አይጨመቅም።»

ወደ እኔ አላዩም። ማየት አላስፈለጋቸውም፤ እኔ አውቄዋለሁ። በዚያ ክረምት ጠጉራም ቀይ አባጨጓሬ ኦቾሎኒያቸውን ሲወር፣ ከሰዓት በኋላ የመጭመቂያ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ደጄ መጥተው ነበር። ልጄን ሊያጩ የመጡ ሰዎች ቤቴ ሞልተዋል። «ነገ፣ ታታ» አልኳቸው። በማግሥቱ ዝናብ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ረሳሁት። በአራተኛው ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና አባጨጓሬው እንዴት ሆነ ብላቸው፣ «ተወጣሁት» አሉኝ፤ ጎበዝ ናቸው ብዬ አለፍኩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልን በየስብሰባው የምንተርተው እኛው ነን። ከሃምሳ ሎሚያቸው ጋር ብቻቸውን ትተናቸዋል።

ይህን ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። መዝገቡን ከፍቼ «ንጹሕ» የሚለውን ሰረዝኩ።

ደንቡ ደንብ ነው፤ መሬታቸው ሦስት ዓመት እንደ አዲስ እንዲቆጠር፣ የጥንስሱም አፈር ከሌላ ቦታ እንዲወሰድ ተወሰነ። የእኔ የላይኛው ወሰን ከተረጨ ስድስት ዓመት ስላለፈው እሱ ተመረጠ። አንዳንዱ በርሜሉን ደፋ፤ የማዲሌቲ ሚስት ቃሪያዬ የጠወለገው በዚያ አፈር ነው አለች። በዚያው አፈር ቃሪያዋ ሁለት ዓመት ገበያ ሙሉ ሲያስወራላት እንደነበር ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ። ክፉ የተናገራቸው የለም። እንደዚያማ ቢሆን አንድ ሰው ሊናገራቸው ይሄድ ነበር።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከላይኛው ማሳዬ ሆኜ ቁልቁል አሻግሬ አየሁ፤ ገመድ አልጋው እንደ ወትሮው ተዘርግቷል። በሚቀጥለውም አሥራ አምስት ቀን ተዘርግቷል። ወሬው ያልደረሰው መንገደኛ ይኖራል ብለው ይሆን? በሦስተኛው ላይ አልጋው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሞ አየሁት። ያም ሆኖ አልሄድኩም። የበደለ ሰው የተበደለው ደጅ ይርቅበታል።

በዚህ ዓመት ሐምሌ የመጀመሪያው ዝናብ እንዳባራ ታታ ቅርጫት በራሳቸው ላይ ተሸክመው ደጄ ቆሙ። አፉ ድረስ የኒም ፍሬ ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተለቅሞ።

«ቅርጫቴን አመጣሁ» አሉ።

«የምን ቅርጫት?» አልኳቸው።

«መድኃኒት ብዬ ነበር እኮ።»

ማንም አስታውሶት አያውቅም። ከዘጠኝ ወር በፊት ለቀልድ የተጣለ ቅጣት ነው። ጎተራው ውስጥ ገለበጥኩትና አሬራ ቀዳሁላቸው፤ ቢቀመጡ ብዬ ለመንኳቸው። ቆመው ጠጡ። ከዚያ ከመቀነታቸው ትንሽ ቆርቆሮ አወጡና ለጥንስሳቸው ከወሰኔ እፍኝ አፈር እሰጣቸው እንደሆነ ጠየቁ፤ ሃያ ሦስት ቤተሰብ ከእሳቸው ሲዘግን ኖሮ። ዘግኜ ሰጠኋቸው። አመሰገኑና ሊሄዱ ዞሩ። ጨርቁ ትከሻቸው ላይ ነበር።

«አባጨጓሬው መጥቷል?» አልኳቸው።

«መጥቷል። ነገ ከተመቸሽ...»

«አሁን፣ ታታ» አልኩ።

ሙቀጫውን አወጣሁና ካመጡት ላይ እየዘገንኩ ወቀጥኩ። ቋጥረን ነከርነው። ጨርቁን በአንድ ጫፍ እሳቸው፣ በአንድ ጫፍ እኔ ያዝን። «ያኔ ነገ ያልኩዎት...» ብዬ ጀመርኩ። ሰምተዋል፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ጠመዘዝኩ፣ እሳቸውም ጠመዘዙ፤ ጨርቁ እንዳለ ዞረ እንጂ ጠብ አላለም።

«ወደ ቀኝሽ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሷ ወደ ቀኟ ነበር የምታዞረው።»

ወደ ቀኜ አዞርኩ።