አክስቴ የተሳለመችው ጉልላት

ካርቱም ባለ አንድ የድሮ የክርስቲያኖች መቃብር ውስጥ ለሳኝ ሆኜ ስሠራ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ሀብታም ሞቶም በረንዳ እንደሚፈልግ ነው። አንዱ የግሪክ ነጋዴ ቤተሰቡን በአራት የእብነ በረድ ዓምዶች ስር አስተኝቷል። ጎረቤቱ ጣሊያን ደግሞ ሹል መስኮት አስወጥቶ ባለ ቀለም መስታወት ገጥሞበታል፤ ማን እንዲያይበት እንጃ። እኔ የምወደው የግብፃዊውን የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ነጭ ድቡልቡል ጉልላት፣ አናቱ ላይ መስቀል። መስቀሉን ብታነሳለት ኦምዱርማን ካሉት የሼሆች መቃብሮች አትለየውም።

ከአጥሩ በላይ ለመንገደኛ የሚታየው ይኸው ጉልላት ብቻ ነው። ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሰፈራችን ወደ ሥራዋ የምትመላለሰው አክስቴ፣ አውቶቡሱ እዚያ ሲደርስ ብድግ ብላ እያማተበች ትሳለመዋለች። ቤተ ክርስቲያን መስሏት ነው። እኔ እያወቅኩ አልነገርኳትም። እንዲያውም አንድ ቀን አብረን ስንሄድ «በደንብ ጎንበስ በይ እንጂ!» ብያት፣ ሳቄን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከዚያ እኔ በከሻ፣ በፖሊስ አፈሳ ተያዝኩ። ኢቃማዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው አልፎበት ነበር። ወደ ድንበር ሊመልሱኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ በዘጠነኛው ቀን ሳይታሰብ ለቀቁኝ። አክስቴ በእልልታ ተቀብላኝ፣ ከአልጋዋ ስር ባለ ወርቃማ ዘርፍ የከፋይ ጥላ አወጣች።

«ስለትህ ነው። ያ መንገድ ላይ ያለው ታቦት ሰማኝ። ያላ፣ እናስገባ!»

ጉዴ ፈላ። እዚያ ጥላ የሚቀበል ቄስ ከየት ይምጣ? የመቃብሩ በር ላይ ስንደርስ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ የማን መቃብር እንደሆነም፣ እያወቅኩ እንደሳቅኩባትም። አፈርኩ። ትጮኽብኛለች ስል ጉልላቱን ትክ ብላ አየችው።

«ያ ስንጥቅ ምንድነው?»

«ዝናብ ሲመጣ ያፈስበታል። የሚያስጠግን ወራሽ የለውም።»

«ወላሂ ታሳዝናለህ! ሰውየው ዝናብ እየወረደበት አንተን አስፈታህ፣ አንተ ትስቃለህ። ጥላውን ለቤተ ክርስቲያናችን አስገባለሁ። የእሱን ጣሪያ ግን አንተ ትደፍናለህ፤ በነፃ።»

ሦስት ቀን በዚያ ፀሐይ ጉልላቱ ላይ ተለጥፌ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን በግንባሬ ተደፍቼ ስንጥቁን ስለስን አውቶቡሱ አለፈ፤ ከመስኮቱም የማውቀው ድምፅ ወጣ።

«በደንብ ጎንበስ በል እንጂ!»