የጾም ቅቤ

ሰበታ ገበያ መግቢያ ላይ ካለው የሐጂው ሱቅ ግድግዳ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «የጾም ቅቤ፤ ለጾመኛ የተፈቀደ፣ ለሕመምተኛ ብርታት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ደጋግማ አስነበበችኝና ነጠላዋን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ተመስገን!» አለች። ዛሬም ያ ቃሏ ሲታወሰኝ ደሜ ይፈላል።

ያስመሰገናት ነገር እንዲህ ነው። ወንድሜ በሳንባ በሽታ ተይዞ ከጨርቅ ፋብሪካው ወጥቶ ቤት ውሎ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሰጥቶ «ሰውነቱ ካልጠገበ ይህ ብቻውን አያነሣውም፤ ቅባት ያለበት ምግብ ይብላ» አለ። እናቴ ግን ከሐኪሙ ቀድማ ተስላ ነበር፤ ልጇ ድኖ ከአልጋው እስኪነሣ ድረስ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት የሚባል በአፏ ላይዞር። ፍስክ የለ፣ በዓል የለ፣ ጾም ብቻ። ወንድሜ ደግሞ ግትር ነው። ከተወለደ ጀምሮ ከእናቱ ትሪ ተለይቶ በልቶ አያውቅም። ቅቤ የገባበት ወጥ ለብቻው ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርና «አንቺ ደረቅ ሽሮ እየበላሽ እኔ በቅቤ? አልሞክረውም!» ይላል። እሷ ስለቷን አታፈርስ፣ እሱ ያለ እሷ አይጎርስ። ሁለቱ በመዋደድ ሲራቡ እኔ መሀል ላይ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

እንግዲህ ያ የጾም ቅቤ ቆርቆሮ ወደ ቤታችን የገባው እንዲህ ሆነን ሳለ ነው። እናቴ ሽሮውን በሱ አቁላልታ አንድ ትሪ ላይ አቀረበች። አጎረሰችው፣ አጎረሳት። በሳምንታት ውስጥ የወንድሜ ጉንጭ ሞላ፤ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ጀመረ፤ እኔንም «አንቺ ቀጫጫ፣ በሽተኛው ማነው?» እያለ መተረብ ያዘ። እናቴ ከምግብ በኋላ አንዳንዴ ምላሷን ላንቃዋ ላይ ስታሽ አያታለሁ። ምን አለበት ብዬ አለፍኩት።

ኋላ ወሬ መጣ። ከአዲስ አበባ ቄራ ሞራ በበርሜል ጭኖ ቅቤው ወደሚታሸግበት ቤት ያደረሰ ሹፌር፣ ዓለም ገና ጠላ ቤት ተቀምጦ ያየውን አወራ። እኔም ከቆርቆሮው በማንኪያ ጨለፍ አድርጌ ፍም ላይ ጠብ አደረግሁት። ሞራ ሲቃጠል የሚሸተውን የማያውቅ ማን አለ? ቤቱ ሸተተ። እናቴ መደብ ላይ ቁጭ አለችና «ስለቴ!» አለች።

የንስሐ አባቷ መጥተው «ሳታውቂ የሆነ ነው፤ ኃጢአቱ ያታለሉሽ ሰዎች ነው» ብለው አጽናኗት። እሷ ግን «አባቴ፣ እርስዎ ያዝኑልኛል። የማያዝንልኝ ሰው ይፍረደኝ» አለቻቸው። የቅቤውን አሻጊዎች ከሰሰች! ካሳ ፈልጋ አይደለም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ዳኛ፣ በንጉሥ ስም፣ «ስለትሽን ያፈረሱት እነሱ ናቸው፣ አንቺ አይደለሽም» እንዲላት ነበር። ያን ከሰማች ልጇ እንደሚድን፣ ካልሰማች እንደሚሞት አምና ነበር። መንደሩ ሳቀብን። ይሳቅ!

ቀጠሮው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን። በመጨረሻ የአሻጊዎቹ ነገረ ፈጅ ከአዲስ አበባ በመኪና መጣ። ጫማው ጭቃ አልነካውም። ሞራ የለበትም ብሎ እንኳ አልካደም፤ ደፋር! «ክቡር ዳኛ፣ ‹የጾም ቅቤ› የዕቃው ስም ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። ፀሐይ የሚባል ክብሪት ብንገዛ ሳጥኑ ውስጥ ፀሐይ እንጠብቃለን?» አለ። ችሎቱ ሳቀ። ሐጂው ግን ምስክር ሆኖ ቆሞ ነበርና አልሳቀም። «ወላሂ፣ ጻፍ ያሉኝን ነው ያስጻፍኩት። እኔም ልጆቼን አብልቻለሁ፤ የምን ከብት፣ ማን ያረደው እንደሆነ አላውቅም» ብሎ እንባው መጣ።

ዳኛው ወደኛ ያዘነበሉ መሰለኝ። ነገረ ፈጁም ይህ ገባው መሰል፣ ሳቁን ትቶ የድሮውን ሙግት አነሣ። «እንግዲያው ከሳሿ ወንጌል ይዘው ይማሉልኝ። ሞራ መሆኑን ሳያውቁ፣ ሳይጠረጥሩም እንደበሉ ይማሉ፤ ደንበኞቼ ይፈረድባቸው።»

«ረታን!» አልኩ በልቤ። እናቴ ሳታውቅ መብላቷን ሰበታ በሙሉ ያውቃል። መሐላው ምን አላት?

ወንጌሉ ቀረበ። እጇን አነሣች፤ አየር ላይ ቀረ። ዳኛው «እናቴ፣ ይማሉ እንጂ» አሏት። እሷ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ መሬቱን። «ጌታዬ፣ ላንቃዬ ላይ ይረጋ ነበር» አለች። «ሲበርድ እንደ ሞራ ይረጋብኝ ነበር። ‹የጾም ነው ተብሎ ተጽፏል› ብዬ ዝም አልኩ። ልጄ እየበላ ነበራ! በሐሰት ምዬ ልጄን አልገድለውም።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ግን መሐላ ተጠይቃ አልማልም ላለች ሴት ምን ይፍረዱላት? ክሱ ተዘጋ። ነገረ ፈጁ ሲወጣ ለእናቴ ባርኔጣውን አነሣላት። ባርኔጣውን ይዞ ገደል ይግባ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከወንድሜ ትሪ ተነሣች። የፈረሰውን ስለት ከሥር ልትጀምረው ቆሎና ውሃ ይዛ ጓዳ ገባች። እሱም ያው ግትሩ «እሷ ካልመጣች አልበላም» አለ። ሐጂው ግድግዳውን ኖራ አስቀብቶ የላም ቅቤ በቅል ይዞልን መጣ። ወንድሜን ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለእናቴም ጮህኩባት፤ «አንድ ጉርሻ! አንድ ጉርሻ ብቻ ብትበዪለት እግዜር ይጣላሻል?» ብዬ። አልሰማችኝም። ጉንጩ ተመልሶ ጎደለ፤ ፀሐይ መሞቁም ቀረ። መስከረም ሳይጠባ ቀበርነው። ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ ወዳጃችን ከፉሪ ወርደው መቃብሩን ሲያስቆፍሩ «ይህን ልጅ በሽታ አልገደለውም» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ቅቤው መሸጡን ቀጠለ፤ ሌላ ሱቅ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈ። የጠራልን ነገር የለም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ ስለ ችሎቱ አንስታ አታውቅም። በእርጅናዋ አንድ ቀን እያጎረስኳት እጄን ያዘችና «አንቺ ብትሆኚ ትምይ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ዓይኔን ሳላሽ።»

ጉርሻውን ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠችው።

«እኔም ዛሬ ቢሆን እምል ነበር» አለች።