ኬዶ፣ ፍሬንህ ደህና ነበር

ዛሬ ጠዋት «ከድር ኦሎምፒያ ላይ ተጋጭቶ ሞተ» ብሎ የደወለልኝን ሰው ሰደብኩት። ቀልድህን እዛው ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ትናንት እኮ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባውን እያንባረቀ «ስፒከሬን መቼ ነው የምትጨርሰው፣ አንተ ሰነፍ!» ሲለኝ ነበር!

ለማታውቁት፣ ከድር፣ እኛ ኬዶ የምንለው፣ የካዛንቺስ ሚኒባስ ሾፌር ነው። አብሮ አደጌ። እኔ ደግሞ እዚያው ሰፈር የመኪና ቴፕና ስክሪን ገጣሚ ነኝ።

ኦሎምፒያ ሮጬ ስደርስ ሚኒባሱ የቆመ ገልባጭ መኪና ሥር ገብቷል። ፓራብሬዛው የለም። መሪው የኬዶን ደረት ሰብሮ ገብቷል። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ የጨፈንኩት እኔ ነኝ።

ከመሪው አጠገብ ያለውን ስክሪን ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። ክሊፑ ላይ ዘፋኟ ትጨፍራለች፣ የኬዶ ደም ፊቷ ላይ ይወርዳል። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ወጋሁት፣ ወጋሁት፣ እስኪጠፋ ወጋሁት። ትራፊኩ ሊይዘኝ ሲመጣ እሱንም ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ጋቢና የነበረችው ልጅ እግሯ ተሰብሮ እያለቀሰች «ዘፈን ሊቀይር ጎንበስ አለ» አለችኝ። በቃ። ዘፈን ሊቀይር።

የሚቀጥለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ።

ስክሪኑን አምና የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ዕቃው አንዲት ቀጭን ገመድ አለችው፣ ከእጅ ፍሬኑ ጋር የምትገናኝ። መኪናው ቆሞ የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ምስል አያሳይም ማለት ነው። ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«ቆሜ ክሊፕ ለማየትማ ቤቴ ቴሌቪዥን አለኝ! ሁለት ዓይን የተሰጠኝ ለምን ሆነና? አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለክሊፕ!»

እኔም አብሬው ሳቅኩ። ገመዷን ቆርጬ ከመኪናው ቦዲ ጋር አሰርኳት፣ ስክሪኑ መኪናው ሁልጊዜ የቆመ እንዲመስለው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሁላችንም የምንሠራው እንደዚህ ነው፤ ደንበኛም ካልተቆረጠለት አይሄድም።

ከሰዓት ቀብረነው ስንመለስ እናቱ እጄን ያዙኝ።

«አንተ መኪና ታውቃለህ ልጄ። ምን ሆኖበት ነው? ፍሬን እምቢ ብሎት ነው አይደል?»

«አዎ እማማ፣ ፍሬን ነው» አልኩ። አፌ ይቆረጥ!

እሳቸውም ባለፈው ሳምንት ፍሬኑን የሠራውን መካኒክ «አላህ እጁን ይቁረጠው!» ብለው ረገሙት። ሰውዬው ድንኳኑ ውስጥ ነበር፤ ሰማ። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አድርጎ ወጣ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

እኔ ስክሪን የገጠምኩላችሁ ሾፌሮች፣ ከነገ ጀምራችሁ ኑ፣ ገመዷን በነጻ እመልሳለሁ። አልመጣም የሚል ካለ መንገድ ላይ አስቁሜ ስክሪኑን በዚሁ ካቻቢቴ እሰብርለታለሁ። ከፈለገ ይክሰሰኝ። የኬዶ ዘመዶች ደግሞ ይሄን ካያችሁ እባካችሁ ለእማማ አትንገሯቸው፣ እኔው ልንገራቸው።

ኬዶ፣ ነገ በጠዋት ያንን መካኒክ ይዤ እናትህ ፊት እቆማለሁ። ፍሬኑ ደህና ነበር እላቸዋለሁ። ይቆረጥ ያሉት እጅ ይሄ ነው ብዬ እዘረጋላቸዋለሁ፣ እርግማኑንም በስሜ ይድገሙት።

ስፒከርህ ትናንት ማታ አልቆ ነበር፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ምነው በጠዋት መጥተህ ጥሩንባህን ባንባረቅክብኝ። ደህና ሁን ወንድሜ።