ብርነሽ የለጠፈችው አዋጅ

ብርነሽ እጇ እስከ ክንዷ ድረስ ሙጫ ነክቶት ነበር። ሙጫው የስንዴ ዱቄት በፈላ ውሃ ተበጥብጦ የተሠራ ነው፤ ዱቄቱን የነፋሁላት እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ከልጅነት ሕመሟ ወዲህ እግሯ ስለማይታዘዝላት፣ በመዳፏ እየተሳበች የገበሬ ማኅበራችንን ጽሕፈት ቤት የታችኛውን ግድግዳ ወረቀት ታለብሳለች። የላይኛውን ቁመተኞቹ ይለጥፉታል። ወረቀቱ ከወረዳችን ከተማ ከመካነ ኢየሱስ የመጣ የመሬት አዋጅ መሆኑን ነግረዋታል፤ ፊደል ስላልቆጠረች የሚለውን አታውቅም። ጭቃው እንዳይታይ ጠርዙን ከጠርዝ እያገጣጠመች፣ እየዳበሰች አሳምራ ለጠፈችው። ጊዜው 1968 ነበር።

በዓመቱ ወንድሟ ሞላልኝ በዚያው ክፍል ለፍርድ ቆመ። ሞላልኝ ዓይነ ስውር ነው። የአባታቸውን ማሳ በሰው እያሳረሰ እሷንም ራሱንም ያኖር ነበር።

"ሞላልኝ፣ እርፍ ጨብጠህ ታውቃለህ?" አለው ሊቀመንበሩ ሙላት።

"መጨበጡንስ እጨብጠው ነበር፤ በሬዎቹን ይዣቸው ገደል ስገባ ማን ያወጣናል?"

ሸንጎው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ሙላት "መሬት ላራሹ ነው፤ አንተ አታርስም" ብሎ ማሳውን ለአማቹ ሰጠው። ሞላልኝ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማ። ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላ አለው፤ ነሐሴ ላይ ሞተ።

መሪጌታ ይርጋ ስለ አርባው ተዝካር ሊያነጋግሯት መጡ። ከመጨረሻው አዝመራ የተረፈ ገብስና ሁለት በግ ነበራት።

"የኔታ፣ አልደግስም" አለቻቸው። "የመንደራችን ልጅ ጌጡ ሕግ ሊማር አዲስ አበባ ይሄዳል። ሸጬ ለእሱ ስንቅ አደርገዋለሁ። እንደ እኛ አካሉ ለጎደለ የሚከራከር ይሁንልኝ። የሞላልኝ ተዝካር ይኸው ነው።"

"ለነፍሱስ አታስቢም?"

"ነፍሱ መንገዱን ታውቃለች የኔታ። እሱን ያስቸገረው የዚህኛው ዓለም መንገድ ነው።"

መሪጌታ ተቀይመው ሄዱ። ብርነሽም በየዓመቱ ፈትል ፈትላ የሸጠችበትን ገንዘብ ትልክለት ጀመር። ጌጡ ክረምት ሲመጣ መንደርተኛው "ተዝካሩ መጣ" ይለው ነበር።

በ1973 ክረምት ስብሰባ ተጠርቶ ጌጡ ወንበር አጣና ከብርነሽ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ያለውን ግድግዳ ማንበብ ያዘ።

"እትዬ ብርነሽ፣ ይህን ማን ለጠፈው?"

"እኔ ነኛ። ምነው፣ ተንሻፏል?"

"የታመመና አቅም ያጣ ሰው በሌላ ሰው ማሳረስ ይችላል ይላል።"

ሞላልኝ የተደገፈው እዚያው ላይ ነበር። ብርነሽ መዳፏን አገላብጣ አየችው።

"በል ተነሥና ለሙላት አንብብለት።"

ጌጡ ወደ ሙላት ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ቀነሰ። "አሁን አይሆንም፤ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ፣ ከትምህርቴ ያስወጡኛል። ገጹን ልጠው ቅዳሜ ይስጡኝ፤ ደብረ ታቦር ለአውራጃው ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።"

ሐሙስ ዕለት ጽሕፈት ቤቱን ልትጠርግ ገብታ፣ ወረቀቱን በእርጥብ ጨርቅ እያራሰች አንድ ፊደል ሳይቀደድ ላጠችው። ቅዳሜ አውቶቡሱ ዘንድ ስትደርስ ጌጡ ዐርብ ሄዷል። ተመልሶም አልመጣ። በሁለተኛው ዓመት ዳኛ ሆኖ ሌላ ክፍለ ሀገር ተሾመ ሲባል ሰማን።

"እንግዲያው ራሴ አደርሰዋለሁ" አለች።

የአውቶቡሱ ረዳት ከላይ እስከ ታች አያት። "እማማ፣ የት ላስቀምጥሽ? ጣራ ላይ ከጆንያው ጋር?"

"ጣራም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ብቻ ደብረ ታቦር ጣለኝ።"

ሳቀና በሩን ዘጋ። ሦስት ቅዳሜ እየተሳበች ሄደች፤ ሦስቱንም ጊዜ ትተዋት ሄዱ። በአራተኛው ሳምንት ታመመች፤ ሳትነሣ አረፈች።

የጥጥ መሶቧን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ገጹ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከባዘቶው ሥር ተቀምጧል። ጀርባው ላይ የደረቀው ሙጫና የግድግዳው ጭድ እንዳለ ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ነበርና እያንዳንዱን ቃል እየቆጠርኩ አነበብኩት። ለቀጣዩ ቅዳሜ መንገድ ያሰበችው ቆሎ አጠገቡ ተቋጥሯል።