ከፊልሙ የወጣው ንግግር

መምህሬ የጻፉትን ተውኔት እንጅባራ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንጫወት መድረኩ ላይ ፈረስ አልነበረም። ታሪኩ ግን የፈረስ ነው። አንድ ገበሬ ጫግኒ ገበያ ውሎ ሲመለስ የሞላ ወንዝ ይወስደዋል፤ ፈረሱ ብቻውን ቤት ይደርሳል። ሚስቱ ኮቴ ሰምታ እየሮጠች ስትወጣ ባዶ ኮርቻ ታያለች።

ሚስቲቱ እኔ ነበርኩ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጓደኛችን ሁለት የቀርከሃ ቁራጭ ሳንቃ ላይ እያንኳኳ ኮቴውን ያሰማል። እኔ ደግሞ እንጨት ላይ የተጫነ ኮርቻ እያየሁ፣ “ብቻህን መምጣትን ማን አስተማረህ? መንገዱን እንዲህ ካወቅኸው ለምን እሱን ይዘኸው አልመጣህም?” ብዬ እጀምራለሁ። ንግግሩ ረጅም ነው። ዳንግላ ላይ ስንጫወተው፣ እዚያ ስደርስ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይይዙ ነበር። በገበያ የሚያገኙኝ ሰዎች እንኳ በስሜ ሳይሆን በዚያ ንግግር ነበር የሚጠሩኝ።

መምህሬ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ አማርኛ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አዘና አካባቢ ገጠር ነው የተወለዱት፤ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ከአዊኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አልሰሙም። ተውኔታቸው ሲታይ የፊት ወንበር ይለቀቅላቸዋል፣ እሳቸው ግን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሄደው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ “ሰው የት ላይ እንደሚያስል ለመስማት ነው። ካሳለ እኔ አብዝቻለሁ ማለት ነው” አሉኝ።

ግምጃ ቤት ከተማ በአዊኛ ስንጫወተው ግን ማንም አላሳለም። ንግግሩ መሐል ላይ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሡና፣ “ልጄ፣ መጀመሪያ ኮርቻውን አውርጂለት እንጂ። ደክሞታል” አሉኝ። እንጨት መሆኑን እያዩ ነው። ከዚያ ኮርቻውን አወረድኩና ቀጠልኩ። መምህሬ በማግስቱ ይህንኑ ተውኔቱ ውስጥ ጨመሩት።

ከዓመታት በኋላ ጫግኒ የተወለደች አንዲት ወጣት ዳይሬክተር ተውኔቱን ወደ ፊልም ልትቀይረው መጣች። እኔ በዕድሜ ገፍቻለሁ፣ ሌላ ትፈልግ ይሆናል ብዬ ስፈራ “ሚስቲቱ አንቺ ነሽ” አለችኝ። ቀረጻው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ በቀርከሃ በታጠረ አንድ ግቢ ውስጥ ሆነ። ጠዋት ነው፣ ጉሙ ገና አልተገፈፈም። እውነተኛ ፈረስ ከነኮርቻው ፊቴ ቆመ።

ንግግሩን ከዳር እስከ ዳር ተናገርኩት። ቃል አልሳትኩም። ዳይሬክተሯ “ጎበዝ!” አለችኝ። መምህሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። የተቀረጸውን እንድታሳያቸው ጠየቋት። በትንሿ ስክሪን አዩት፣ ድገሚልኝ ብለው እንደገና አዩት።

“ንግግሩን አውጪው” አሏት።

“የቱን?”

“ሁሉንም።”

ደነገጠች። “መምህር፣ ሰው የሚወደው እኮ እሱን ነው! እሱን ካወጣሁት ‘ተውኔቱን አበላሸች’ ብለው በእኔ ነው የሚፈርዱት።”

“በእኔ ይፍረዱ። መድረክ ላይ ፈረስ ስላልነበረን በቃል ሠራሁት። አሁን ፈረሱ ቆሟል። እሷ ስታወራ እሱ ጆሮውን ያዞራል፤ እኔም እሱን ሳይ ቃሉን መስማት ተውኩ።”

በጣም ከፋኝ። የእሳቸው ድርሰት ቢሆንም ያን ሁሉ ዓመት የኖርኩበት እኔ ነኝ። “እኔስ ታዲያ ምን ልሥራ?” አልኳቸው፤ ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሏል።

“ኮርቻውን አውርጂለት። ደክሞታል።”

ካሜራው እንደገና መቅረጽ ሲጀምር ወደ ፈረሱ ተጠጋሁ። የሆዱን ጠፍር ፈታሁ፣ ኮርቻውን ወደ ደረቴ ሳብኩት። ከባድ ነበር። እጄን ከሥሩ ሳስገባ ሞቀኝ። የመድረኩ ኮርቻ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር አስቤው አላውቅም። ከፈረሱ ጀርባ እንፋሎት ተነሣ። ኮርቻውን እንዳቀፍኩ እንባዬ መጣ፤ ማንም አልቅሺ አላለኝም። ፈረሱ ትከሻዬን አሸተተኝ።

ፊልሙ ዳንግላ ሲታይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ያ ቦታ ሲቃረብ ሰው “ንግግሩስ?” ብሎ ይጮኻል ብዬ ተሸማቀቅኩ። የጮኸም ያሳለም የለም። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ብቻ ስክሪኑ ላይ ላለችው ሚስት በአዊኛ “አይዞሽ” አለቻት። ዞር ስል መምህሬ ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ ቆመው ፊልሙን ሳይሆን ሰዉን ያያሉ። ያን ጊዜ ቅሬታዬ ለቀቀኝ። ሰው የሚያጨበጭብለትን የገዛ ቃሉን፣ ታሪኩ ይበልጣል ብሎ በአንድ ጠዋት የሚተው ደራሲ ሌላ አላየሁም።

አሁን እንጅባራ ያሉ ወጣቶች ተውኔቱን እንደገና ለመድረክ እየተለማመዱት ነው። ሚስቲቱን የምትጫወተው ልጅ ፊልሙን በስልኳ ደጋግማ አይታዋለች። “መምህር፣ እኔም እንደ ፊልሙ ዝም ልበል?” ብላ ጠየቀቻቸው።

“አይሆንም። እዚያ ካሜራው ፊቷ ድረስ ሄዷል። እዚህ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የአንቺን እንባ አያይም። ለእሱ የሚደርሰው ቃሉ ነው። በይ ጀምሪ።”

ልጅቷ ጀመረች። እኔ ከኋላ እሳቸው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ያንን ንግግር ለዓመታት ተናግሬዋለሁ እንጂ አንድም ቀን ተቀምጬ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

“መምህር፣ እንዴት ያለ ነገር ነው የጻፉት!” አልኳቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ።

“ዝም በይና ስሚ” አሉኝ።