ጠፍቶ የሚነሳው ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተሬ ጤና ባጣበት ሰሞን ልጄ ቶሎ ቶሎ ይደውልልኝ ነበር። ዋናውን ነገር ከወዲሁ ተናግሬ ልረፍ ብዬ ነው። ማሽኑ ደህና ሲሆን ልጄ ሥራ ይበዛበታል፤ ማሽኑን ሲያመው ግን ጊዜ አያጣም። ስለዚህ ማሽኑ ዳነ ስላችሁ ቶሎ ደስ አይበላችሁ።

የገጣጠምነው አብረን ነው። እናቱ ያረፈች ጊዜ ከአዲስ አበባ መጥቶ ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ ሰነበተ። ለቅሶ ደራሹ ሲመናመን ሁለት ወንዶች ፊት ለፊት ተፋጠን ቀረን፤ የምንነጋገረው ጠፋን። አንድ ቀን አዲስ አበባ ደርሶ በካርቶን የኮምፒዩተር ዕቃ ተሸክሞ ተመለሰ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። እሱ ያሳየኛል፣ እኔ ብሎን አጠብቃለሁ። ትልቁን ሰሌዳ አንስቶ ማዘርቦርድ፣ እናት ሰሌዳ እንደማለት፣ እንደሚባል ነገረኝና ቀና ሳይል ብሎን አቀበለኝ። ማሽኑ የበራ ዕለት እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። በማግስቱ ሥራው ጠራውና ሄደ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አንኮበር ያስተማርኩበትን ዘመን እጽፋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ለማን እንደምጽፈው አትጠይቁኝ። ቤት ውስጥ ብቻውን የሚውል ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል።

ውርጩ በገባ ሰሞን ነው ነገሩ የጀመረው። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የሚወርደውን ቁልቁለት እየጻፍኩ፣ የገበያተኞቹን በቅሎዎች ግማሽ መንገድ እንዳደረስኳቸው፣ ስክሪኑ ድርግም አለ። ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ራሱ ተነሳ። የጻፍኩት ግን የለም። እንደገና ጻፍኩት። እንደገና ድርግም። እነዚያ በቅሎዎች አሊዩ አምባ ሳይገቡ ስንት ጊዜ እንደሞቱብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዴማ ብስጭት ብዬ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ የታመመው ግን እጄ ነው።

ለልጄ ደወልኩ። ምሳ ሰዓቱን ትቶ አዋራኝ። መጀመሪያ መብራት ነው አለ። መብራት እንዳይባል አምፖሉ ቦግ እንዳለ ነው። ዲቫይደሩን ቀይር አለኝ፣ ቀየርኩ። ራም የሚባለውን ቀጭን የማስታወሻ ሰሌዳ አውጥተህ የሚያብለጨልጨውን ጠርዙን በላጲስ ጥረገው አለኝ። ዕድሜ ልኬን የተማሪ ስህተት በላጲስ ሳስጠፋ ኖሬ ይሄ አያቅተኝም ብዬው ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

እየዋለ እያደረ የስልክ ሰላምታችን ተለወጠ። እንዴት አደርክ የለ፣ እንዴት ዋልክ የለ፤ ሃሎ ስለው "አሁንም ጠፋ?" ይለኛል። ጠፋ ካልኩት ቁጭ ብሎ ያስባል፣ ይጠይቀኛል፣ ከፍቼ እንዳየው ያደርገኛል። በመሃል ምሳ መብላቴን ይጠይቃል። የፓወር ሳፕላይ፣ ማለት መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ችግር ሳይሆን አይቀርም፣ አዲስ አመጣልሃለሁ አለኝ። አመጣልሃለሁ ማለቱን ይዤ ዶሮ አስገዛሁ፣ አልጋውን አነጠፍኩ። ለካ በሚኒባስ ሹፌር ሊልክልኝ ኖሯል። መናኸሪያ ሄጄ ካርቶን ተቀብዬ ተመለስኩ። ዶሮውን ብቻዬን በላሁት፤ አልጣመኝም።

አዲሱም ፓወር ሳፕላይ ተገጥሞ ማሽኑ ይጠፋል። ልጄ ድንገት ሙቀት ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ጀሪካን ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ሠርቶ በሚያድርበት ከተማ ስለ ሙቀት ሲያወራ ሳቄ መጣ። እሱም እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነውና አብሮኝ ሳቀ። የሙቀቱን ነገር በዚያው ተውነው።

እዚህ ላይ ስለ ብርድ ልብሱ መናገር አለብኝ። ከተማችን በብርድ ልብስ የታወቀች ናት። እኔና ባለቤቴ የምንለብሰው ያ ወፍራሙ ብቻዬን ስቀር ሰፋኝ፤ ለሁለት ቀደድኩት። ግማሹን እኔ ለበስኩ። ግማሹን ውርጩ ሲጀምር ለኮምፒዩተሩ አለበስኩት። ብርድ ጉልበቴን እንዲህ ካደረገው ያንን ቀጭን ሽቦ ምን ያደርገዋል ብዬ ነው። መጥፋት ሲጀምር ደግሞ ያው ብርድ መትቶታል አልኩና አጥፌ ደረብኩለት። ሲብስበት ዙሪያውን ጠቀጠቅኩለት። እጄን ሲቆፍነኝ ከብርድ ልብሱ ሥር አስገብቼ እሞቃለሁ። ደስ የሚል ሙቀት ነበረው። ለልጄ ይህን አልነገርኩትም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ጋቢ ደርቤያለሁ ብሎ የሚናገር ማን አለ?

የጎረቤት ድመት ሙቀቱን ወዳ እላዩ ላይ መተኛት ለምዳ ነበር። አንድ ቀን አበላሸችበት። ረገምኳትና ብርድ ልብሱን አጥቤ ግቢ አሰጣሁት። ያን ቀን ማሽኑ ሲሠራ ዋለ። በማግስቱም ብርድ ልብሱ እርጥብ ነበረ፤ ማሽኑም ሠራ። በቅሎዎቹ አሊዩ አምባ ገቡ፣ ጨው ጭነው ወጡ፣ አንዴም ድርግም አላለም። ብርድ ልብሱ ሲደርቅ አምጥቼ አለበስኩት። በቅሎ የሚለውን ቃል ጽፌ ሳልጨርስ ጠፋ።

እንደ ሞኝ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ በርዶት ሳይሆን አፍኜው ነው። ብርድ ልብሱን ገፍፌ አልጋዬ ላይ ወረወርኩ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ጠፍቶ አያውቅም።

ለልጄ ዳነልኝ ብዬ ነገርኩት። ተመስገን አለና ስብሰባ ላይ ነኝ አለኝ። ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። ስልኬን ባትሪ አልቆበት ይሆናል እያልኩ እያነሳሁ አየዋለሁ፤ ደህና ነው። ማሽኑም ደህና ነው። እኔ ግን ደህና አልነበርኩም። ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው ምሳውን እኔ ጋ ይበላል፤ እንደዚህ ቅርብ ሆኖ መራቁ ነው የሚያንገበግበኝ። ምሳ በልተሃል የሚለኝ ሰው የለም።

አንድ ከሰዓት አንኮበርን ጽፌ ጨረስኩ። የማነብለት ሰው አጣሁ። ተነስቼ ከአልጋው ላይ ያን ግማሽ ብርድ ልብስ አነሳሁ፤ አጥፌ ማሽኑ ላይ ልጭነው እጄን ዘረጋሁ። ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይላል፣ እደውላለሁ፣ ቁጭ ብሎ ያስብልኛል። አብረን የገጣጠምነውን ነገር በገዛ እጄ ማፈን ግን አቃተኝ። ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስልኩን ደወልኩ።

ከኋላው የቢሮ ጫጫታ ይሰማል።

"አሁንም ጠፋ?" አለኝ።

"አልጠፋም።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"ማሽኑ ምንም አልሆነ፣ ልጄ" አልኩት። "አንተ ነህ የጠፋኸው።"

 ጫጫታው ራቀ፣ በር ሲዘጋ ሰማሁ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ" አለኝ፤ ድምፁ ልክ እናቱ የሞተች ቀን እንደነበረው ነበር። "አለሁ፣ አባዬ።"